ግራጫ ሰማይ ያለበት ከተማ ልትገቡ ነው? ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አድርጉ

አዲስ ከተማ ለመግባት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሥራ አለ ወይ? የቤት ኪራይ እንዴት ነው? ብርዱስ? ስለ ሰማዩ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ብርድ መላ አለው። ደህና ካፖርት፣ ውኃ የማያስገባ ጫማና የሚሞቅ ቤት ካለ ይታለፋል። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፊቱን አጥቁሮ የሚከርም ሰማይ ግን በልብስ አይመለስም። መጀመሪያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ከዚያ ስልክ ማንሳት ይሰለቻል። ቅዳሜ ከአልጋ መውረድ ዳገት ይሆናል። ሰውየው ደግሞ ሰማዩን ትቶ ራሱን ይወቅሳል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ገና ቦታ በመምረጥ ላይ ላላችሁ ነው። ገብታችሁ ለተቀመጣችሁም የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ይጠቅሟችኋል። ከእጃችሁ እንዳይወጣ የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ በጣም በሚጨልመው ወር፣ በምትውሉበት ቦታ፣ በቀን ስንት ሰዓት ብርሃን ታገኛላችሁ? መልሱን ከተማው ብቻውን አይወስነውም። ሰፈሩ፣ መስኮቱና የሥራ ሰዓታችሁም ድርሻ አላቸው።

1. የሚከብዳችሁ የቱ እንደሆነ ለዩ

"ክረምት አይስማማኝም" ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው? ቅዝቃዜውን? የቀኑን ማጠር? ደመናውን? ወይስ ካፊያውንና እርጥበቱን? አራቱ ሁልጊዜ አብረው የሚመጡ ይመስላል። አይደሉም። አንዱ የበረታበት ከተማ ሌላው ላይኖርበት ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ያሉትን ሚኒያፖሊስንና ሲያትልን እዩ። የሚኒያፖሊስ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አፍንጫ ይቆርጣል። ሲያትል በዚያው ወር ከዜሮ በላይ 5 ወይም 6 ዲግሪ ይሆናል። ፀሐይን ከጠየቃችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሚኒያፖሊስ በጃንዋሪ 150 ሰዓት ያህል ፀሐይ ሲያገኝ፣ ሲያትል የዚያን ግማሽ አይሞላም። ብርድ ለሚያስጨንቀው ሰው ሲያትል ይሻለዋል። ጨለማ ለሚከብደው ሰው ደግሞ ሚኒያፖሊስ ሳይሻለው አይቀርም። አዲስ የወረደ በረዶ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ስለሚረጨው ቀኑ ጭራሽ ይደምቃል።

ወረቀት አውጡና አራቱን ከሚብሰው እስከሚቀለው በቅደም ተከተል ጻፉ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ እሱም ለብቻው ይጻፍ። ባልና ሚስት እዚህ ላይ ጨርሶ ሳይገናኙ ሲቀሩ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ አስቀድሞ ማወቁ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነም አትርሱ። ሕፃን ይዛ ቤት የምትውል እናት ወይም ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ከሠራተኛው የበለጠ የሰማዩ ጉዳይ ይመለከታቸዋል። ድምፃቸው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

2. ቁጥሩን ከትክክለኛው ቦታ አንሱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የዝናብ መጠን አይቶ ስለ ሰማዩ ያወቀ ይመስለዋል።

ዝናብ ስለ ደመና ብዙ አይናገርም። ኒው ዮርክ በዓመት ከሲያትል የበለጠ ይዘንባል፤ እዚያ 1,250 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እዚህ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ። ኒው ዮርክ ዶፉን ያወርድና ሰማዩ ይጠራል። ሲያትል ግን ካፊያ እያንጠባጠበ ደመናው ሳይነሳ ይሰነብታል። ሊማ ደግሞ የባሰች ናት። የፔሩ ዋና ከተማ የተሠራችው በረሃ ላይ ነው፤ ዝናብ አታውቅም ማለት ይቻላል። ሆኖም ከጁን እስከ ኦክቶበር ባለው ክረምቷ፣ በባሕር ዳርቻዋ የሚያልፈው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት በሚፈጥረው ዝቅ ያለ ደመና ተሸፍና ትከርማለች። ከምድር ወገብ የምትርቀው ደግሞ 12 ዲግሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ "ከምድር ወገብ ምን ያህል ይርቃል?" የሚለውም ብቻውን አይበቃም። የካናዳዋ ካልጋሪና ለንደን ሁለቱም 51 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። ካልጋሪ በዓመት 2,400 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ታገኛለች፣ ለንደን 1,600 ገደማ። ቻይና ውስጥ ያለችው ቸንግዱ ከሁለቱም በጣም ወደ ደቡብ፣ 30 ዲግሪ ላይ ብትሆንም በዓመት የምታገኘው ከ1,000 ሰዓት ብዙም አይርቅም። በዚያ አገር "የሹ ውሻ ፀሐይ ሲያይ ይጮኻል" የሚል የቆየ አባባል አለ፤ ሹ የቸንግዱ አካባቢ የጥንት ስም ነው። ብርቅ ሆናበት ነው።

ታዲያ የምትፈልጉት ምንድን ነው? የየወሩ የፀሐይ ሰዓት ነው። ፀሐይ ከደመና ወጥታ በቀጥታ ያበራችበት ጊዜ ተደምሮ ማለት ነው። አለካኩ ደስ ይላል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአየር ትንበያ ጣቢያዎች ድቡልቡል የመስታወት ኳስ ከቤት ውጭ ያስቀምጡ ነበር። ኳሱ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ከኋላው ባለ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ፀሐይ ስትወጣ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ስትሸፈን መቃጠሉ ያቆማል። ማታ ላይ የተቃጠለው መስመር በማስመሪያ ይለካል። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተክቶታል። የሚሰጠው ቁጥር ግን ያው ነው፦ የዚያ ቀን የፀሐይ ሰዓት።

የዓመቱን ድምር እንዳትወስዱ። ሲያትል በዓመት 2,170 ሰዓት ገደማ ታገኛለች። ሲያዩት ከለንደን ይሻላል፣ ደህና ነው ያሰኛል። ግን ጁላይ ላይ ከ300 ሰዓት በላይ ነው፤ ዲሴምበር ላይ 53 ገደማ። ለ31 ቀን አካፍሉት፤ በቀን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዴንቨር በዚያው ዲሴምበር 200 ሰዓት ገደማ ታገኛለች።

"በዓመት 300 ፀሐያማ ቀን" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ በጥርጣሬ እለፉት። አንድ ሰዓት ፀሐይ የወጣበት ቀንም "ፀሐያማ" ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ማስታወቂያው እንዴት እንደቆጠረ ካልነገራችሁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ቁጥሩን የምታገኙት ከየአገሩ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር ሜት ኦፊስ፣ አሜሪካ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ፣ ሌላም ጋ መሰሉ አለ። የ30 ዓመት አማካዩን ፈልጉ፤ የቅርቡ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። የአንድ ዓመት ቁጥር ያታልላል። የፀሐይ ሰዓት ካልተመዘገበ ሰማዩ በየወሩ ስንት እጅ በደመና እንደሚሸፈን የሚያሳይ ግራፍ ተመልከቱ፤ ዌዘር ስፓርክ የሚባለው ድረ ገጽ ለአብዛኞቹ ከተሞች አለው።

ከዚያ የቀኑን ርዝመት ጨምሩ። ዲሴምበር 21 አካባቢ ዋሽንግተን ዲሲ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ቀን አላት። ሲያትል 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ለንደን 8 ሰዓት አይሞላም፣ ስቶክሆልም 6 ሰዓት ብቻ። ትሮምሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ፣ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ወደ ደቡብ ንፍቀ ክበብ የምትሄዱ ከሆነ ሁሉን በጁን ገልብጡት።

ለእያንዳንዱ እጩ ከተማ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው አራት ወር፣ አራት ቁጥር፣ ከጎኑ የቀኑ ርዝመት። አንድ ገጽ አይሞላም። ወደምትወስኑበት ቀን ስትቃረቡ ግን ከአሥር ሰው አስተያየት በላይ ይረዳችኋል።

3. ደመናው ከየት እንደሚመጣ ካርታ ላይ እዩ

የከተማው ቁጥር የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ አየር ማረፊያው ጋ ነው። እናንተ የምትኖሩት እዚያ አይደለም። በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሰማዩ ፍጹም ሌላ ሊሆን ይችላል። ካርታውን ክፈቱና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ተራራ፣ ትልቅ ውኃ፣ ሸለቆ።

ተራራ ከሆነ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ እዩ። እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ዝናቡን በዚያው ያራግፋል፤ ማዶ ሲወርድ ደረቅ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የኦሊምፒክ ተራሮች ምዕራባዊ ጎን ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደን ነው። ከተራሮቹ ጀርባ ያለችው ትንሿ ስኩዊም በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይዘንብባታል። ከዝናቡ ጋር ደመናውም ይቀንስላታል።

ትልቅ ሐይቅ ከሆነ ክረምት መግቢያ ላይ ውኃው ገና ሙቀት ይዟል። ቀዝቃዛ ነፋስ በላዩ ሲያልፍ እርጥበቱን ይወስድና ማዶ ላይ ደመና አድርጎ ይቆልለዋል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚመጣ ከሐይቆቹ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያሉት እነ ክሊቭላንድ፣ ቡፋሎና ግራንድ ራፒድስ ክረምቱን ተሸፍነው ይከርማሉ። ከሚሺጋን ሐይቅ ምዕራብ ያለችው ሚልዋኪ ከማዶዋ ካለችው ግራንድ ራፒድስ የተሻለ ሰማይ አላት። አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ዳርቻ። ኢሪ የሚባለው ሐይቅ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ በረዶ የሚሠራበት ዓመት አለ፤ ውኃው ሲሸፈን ደመናውም ቀለል ይላል።

ሸለቆ ከሆነ ጥያቄው የከፍታ ነው። በክረምት ቀዝቃዛ አየር ከሥር ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይከድነዋል፣ ጭጋጉም መውጫ አጥቶ ይቀመጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዙሪክ በጭጋግ ተውጣ ሳለ ሪጊ ተራራ ላይ የወጣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ደመናውን ቁልቁል ያየዋል። ሊማ ላይም እንዲሁ ነው። ከተማዋ ግራጫ ሆና ሳለች ወደ ተራራው ከፍ ብላ ያለችው ቾሲካ ፀሐይ አላት፤ የሊማ ሰው በክረምት ቅዳሜና እሑድ ፀሐይ ፍለጋ ወደዚያ ይወጣል። እንዲህ ያለ ከተማ ስትመርጡ ወደ ላይ ወጣ ያለ ሰፈር ካለ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም እንኳ እኔ ያን እመርጣለሁ።

በጣም ጠባብ ሸለቆ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ኖርዌይ ውስጥ ሩካን የምትባል ከተማ ተራራው ስለሚጋርዳት ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ፀሐይ አታይም ነበር። በ2013 ተራራው ላይ ሦስት ትላልቅ መስታወቶች ተተከሉ፤ ፀሐይን እየተከተሉ ብርሃኗን ወደ ከተማው አደባባይ ይወረውራሉ። ደመናማ ቀን ግን መስታወቱም አይረዳ።

4. ሰዓቱንም ቁጠሩ

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ያሉ ሁለት ከተሞች ፀሐይ የምትወጣባቸውና የምትጠልቅባቸው ጊዜያት በጣም ይለያያሉ። ቦስተንና ዲትሮይት ሰዓታቸው አንድ ነው። በዲሴምበር ቦስተን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ዲትሮይት ላይ 11 ሰዓት ትሆናለች። በምላሹ የዲትሮይት ሰው ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ጨለማ ውስጥ ነው።

አሁን የራሳችሁን ቀን አስቀምጡበት። ከቤት የምትወጡት በስንት ሰዓት ነው? የምትመለሱትስ? ሥራ ቦታችሁ መስኮት አለው? መጋዘን ውስጥ የሚሠራና ታክሲ የሚነዳ ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የተለያየ ክረምት ነው የሚያልፉት። የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሰውማ ከሁሉም በላይ ማስላት አለበት፤ ከእንቅልፍ ሲነሳ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሁለት ሥራ ቀርቦላችሁ ደመወዛቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከሕንፃው የሚያስወጣችሁን ምረጡ።

5. በክፉው ወር ሂዱ

ጁላይ ላይ የማያምር ከተማ የለም። ዘመድም "ና፣ እየው" የሚለው በበጋ ነው። እናንተ ግን ጃንዋሪ ላይ ሂዱ፣ ቢቻል ሳምንት ተቀመጡ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንዳይሆን። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ዋሉ። ጠዋት በሥራ ሰዓት ተነሱ፣ ወደ ሥራ በምትሄዱበት አውቶቡስ ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ቁሙና ሰዉን እዩ። ሰው ይወጣል? ፓርክ ውስጥ የሚሄድ አለ? መንገዱ በረዶ ተጠርጎለታል? በግራጫው ሰማይ ሥር ሰው የሚንቀሳቀስበት ከተማና ሁሉም ቤቱ የሚሸሸግበት ከተማ አንድ አይደሉም።

መሄድ ካልቻላችሁ የከተማው የቀጥታ ካሜራ ካለ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ክፈቱት። ወር ሙሉ ስታዩት ሐሰት የለውም። እዚያ የሚኖር ሰው ካላችሁ ደግሞ "እንዴት ነው ክረምቱ?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ "ይለመዳል" ነው የሚላችሁ። "ባለፈው ፌብሩዋሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠሩ ነበር?" በሉት። መልሱ እዚያ ውስጥ አለ።

6. ቤቱን በኮምፓስ ምረጡ

ከተማውን መቀየር ለማይችል ሰው ትልቁ መፍትሔ ይህ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ባለው ቤት ክረምቱ ሌላ ነው።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ያለውን ኮምፓስ ክፈቱ። ሳሎኑ መሐል ቁሙና ትልቁ መስኮት ወዴት እንደሚያይ ለዩ። በሰሜን ንፍቀ ክበብ የክረምት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው፤ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያገኛታል። ሰሜን የሚያይ ክረምቱን ሙሉ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ምሥራቅ የሚያይ መኝታ ቤት ለጠዋት መነሳት ይረዳል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ደቡብንና ሰሜንን አለዋውጡ።

ቀጥሎ ፊት ለፊት ምን እንዳለ እዩ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ከ90 ላይ የከተማውን ኬክሮስ (ከምድር ወገብ የሚርቅበትን ዲግሪ) ቀንሱ፣ ከዚያ 23.4 ቀንሱ። የሚቀረው ፀሐይ በዲሴምበር 21 ቀትር ላይ ከአድማስ የምትወጣበት ዲግሪ ነው። ለንደን ላይ 15 ዲግሪ ገደማ ይመጣል፣ ሲያትል ላይ 19፣ ስቶክሆልም ላይ 7። ከአናት በላይ ሳትሆን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ናት ማለት ነው። ፀሐይ 15 ዲግሪ ላይ ስትሆን የአንድ ሕንፃ ጥላ የቁመቱን አራት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። 19 ላይ ሦስት እጥፍ፣ 7 ላይ ስምንት እጥፍ ነው።

ለምሳሌ ለንደን ውስጥ ደቡብ የሚያይ ቤት አገኛችሁ እንበል። ከፊት ለፊቱ፣ 20 ሜትር የሚሰፋ መንገድ ተሻግሮ፣ 12 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ቆሟል። ስታሰሉት የቀትር ፀሐይ የእናንተን ሕንፃ የምታገኘው ከመሬት ከ6 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ምድር ቤቱና 1ኛ ፎቅ ዲሴምበርን በጥላ ያሳልፋሉ። 2ኛ ፎቅ ያለው ሰው ወንበሩን መስኮት ሥር አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል። ደላላው ስለዚህ አይነግራችሁም፤ ሁለቱም ቤት "ብሩህ" ነው የሚላችሁ።

ደመናማ ቀንስ? ፀሐይ ባትኖርም ብርሃን የሚመጣው ከሰማዩ ነው። ስለዚህ አዘውትራችሁ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡና በመስኮቱ ሰማይ ይታያችሁ እንደሆነ እዩ። ግድግዳ ብቻ ከታያችሁ ብርሃኑ ትንሽ ነው። ከላይ ያለ ሰፊ በረንዳ መስኮቱን ይጋርደዋል። ትልቅ ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዓይነት ከሆነ ግድ የለም፤ ክረምት ላይ ይራቆታል። ቤዝመንት ርካሽ ነው፤ ጨለማ ለሚከብደው ሰው ግን እኔ አልመክርም። ነጭ ግድግዳና ነጭ ኮርኒስ የገባውን ብርሃን ያዳርሱታል። ወፍራም መጋረጃ ከመስኮቱ ጎን እንጂ መስኮቱ ላይ አይዋል።

ስለ ውሉ ረጅም ነገር የለኝም። ከተማውን በክረምት ካላያችሁት ቤት አትግዙ። ስትከራዩ የውሉ ማብቂያ ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ እንዲሆን ሞክሩ፤ ክረምቱ ካልሆነላችሁ ሌላው ከመምጣቱ በፊት ትወጣላችሁ።

7. ከገባችሁ በኋላ፦ ብርሃን በጠዋት

ዓይናችን ውስጥ ከማየት ሌላ ሥራ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። የቀኑን ብርሃን መጠን ለአንጎል ይነግራሉ፤ አንጎልም የእንቅልፍ ሰዓቱን በዚያ ያስተካክላል። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ማታ መብራት የበራበት ሳሎን 100 ወይም 300 ሉክስ ቢሆን ነው። ጠራራ ፀሐይ 100,000 ይደርሳል። ደመናማ ቀን ውጭ ደግሞ ቀትር ላይ ብዙ ሺ ሉክስ ይገኛል። አስቀያሚ የመሰለን ግራጫ ቀን ከሳሎናችን በብዙ እጥፍ ብሩህ ነው። ስለዚህ "ፀሐይ የለም፣ ለምን እወጣለሁ?" የሚለው ሰበብ አይሠራም። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለ ከቀትር በፊት፣ ውጡ። ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ የሚረጥብ ሰው አይወጣም።

የብርሃን ሕክምና ላምፕ የሚባለውም ይረዳል። የተለመደው አጠቃቀም 10,000 ሉክስ፣ ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል ነው። ሲገዙት ሳጥኑ ላይ ያለውን ርቀት አንብቡ። "10,000 ሉክስ በ30 ሴንቲ ሜትር" ካለ በ30 ሴንቲ ሜትር ነው እንጂ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ አይሠራም። አልትራቫዮሌት የሚያጣራ መሆኑን አረጋግጡ። ፊታችሁን ወደ ላምፑ አድርጋችሁ ቁርስ ብሉ ወይም አንብቡ፤ አምፖሉን ማፍጠጥ አያስፈልግም። ማታ አትጠቀሙበት፣ እንቅልፍ ይነሳል። የዓይን ሕመም ያለበት፣ ባይፖላር የሚባል የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት፣ ወይም ቆዳን ወይም ዓይንን በብርሃን በቀላሉ እንዲጎዳ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። የሌሊት ሺፍት ሠራተኛም ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክል።

ላምፑ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳ ላይ በሚያርፍ አልትራቫዮሌት ነው፤ የመስኮት መስታወት ያን ጨረር ያስቀረዋል። ከምድር ወገብ ርቆ ባለ ቦታ ክረምት ላይ ፀሐይ ብትወጣም ጨረሩ በጣም ደካማ ነው። ቆዳችን ጠየም ሲል ደግሞ ሰውነት ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ የደም ምርመራ ጠይቁ፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገራችሁ፣ በግምት አትዋጡ።

የዓመት ፈቃዳችሁንም አስቡበት። ሁሉም ኦገስት ላይ ይወስዳል፤ ያኔ ፀሐዩ ደጃፋችሁ አለ። እናንተ ግማሹን ለጃንዋሪ መጨረሻ አስቀምጡ። ቲኬቱም ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

8. ከድብርት ያለፈ ሲሆን

በየዓመቱ መኸር ላይ ጀምሮ ጸደይ ላይ የሚለቅ የድብርት ሕመም አለ። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 በሕክምና ጽሑፍ ገልጸውታል። ምልክቶቹ ብዙ መተኛት፣ ጣፋጭና ዳቦ ነክ ነገር ማማር፣ ክብደት መጨመር፣ ከሰው መራቅና ሥራ ላይ ማተኮር አለመቻል ናቸው። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። ይታከማል፤ በብርሃን፣ በንግግር ሕክምና፣ በመድኃኒት። ሁለት ሳምንት ካለፈውና ሥራችሁን ወይም ቤታችሁን ከነካ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት የአገሩን የድንገተኛ ስልክ ደውሉ፣ ለቅርብ ሰውም ንገሩ።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ክረምት ያሳለፈ ሰው ቦታ ሲመርጥ የሁለተኛውን ክፍል ቁጥሮች ከደመወዙ እኩል ቢያስቀምጣቸው አልተሳሳተም።

9. ለመቆየት ወይስ ለመሄድ

የመጀመሪያው ክረምት ብዙ አይናገርም። ሁሉም አዲስ ነው፣ ሰው በሩጫ ላይ ነው፣ በረዶውም ፎቶ ይነሣበታል። ሁለተኛው ነው እውነቱን የሚያወጣው። ከኖቬምበር ጀምሮ የስልካችሁ ካሌንደር ላይ በየማታው አንድ ቁጥር አስፍሩ፤ ቀኑ እንዴት እንደነበረ ከ1 እስከ 5። ከጎኑ ውጭ ወጥታችሁ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ሌላ ምንም አትጻፉ፣ ካበዛችሁት ትተዉታላችሁ።

ውሳኔውን ፌብሩዋሪ ላይ አትወስኑ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ጨልሞ ነው የሚታየው። ጁላይ ላይም አይሆንም፤ ያኔ ሁሉም ይረሳል። ኤፕሪል ላይ ካሌንደሩን ክፈቱ። መጥፎዎቹ ቀናት ቤት የዋላችሁባቸው ብቻ ከሆኑ ከተማውን ከመቀየራችሁ በፊት ቤቱን ወይም የሥራ ሰዓቱን ቀይሩ፤ ይቀላል፣ ይረክሳልም። በየቀኑ እየወጣችሁ፣ ላምፑም እየበራ፣ መስኮቱም ደቡብ እያየ ቁጥሩ ከ2 ካላለፈ ግን የከተሞቹን ዝርዝር እንደገና አውጡና የኪራይ ውሉ ሲያልቅ የምትሄዱበትን ፈልጉ።